ጅራቷን እስክትዘረጋ ጠብቁ

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ሥነ ሕይወት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባይኖኩላር አንግታችሁ ወፍ ልታዩ ስትወጡ ሳይ ደስ ይለኛልና ብዙ ስላስተማሩኝ ሁለት ወፎች ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍና ቁጥቋጦ ባለበት ግቢ ያደገ ሰው አንደኛዋን ሳይሰማት አይቀርም። ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ታፏጫለች። ሆዷ ብርቱካናማ፣ ፊቷ ጥቁር ነው፤ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት። በሳይንስ ስሟ ኮሲፋ ሴሚሩፋ ትባላለች፤ «ከፊል ቀይ» ማለት ነው። ስሙን ያወጣላት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እስከ ጎንደር የዘለቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እኅቷ ኮሲፋ ሂውግሊኒም ያንኑ ልብስ ለብሳለች፤ ነጩ ቅንድብ እንኳ አልቀረባትም። ገዘፍ ትላለች፤ ግን ብቻዋን የቆመችን ወፍ ከምን ጋር ታስተያያላችሁ?

በጥቅሉ ሴሚሩፋ የደጋ፣ ሂውግሊኒ ደግሞ ዝቅ ያለ አገርና የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ወፍ ናት። እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ከስምጥ ሸለቆ ወደ ደጋ በሚያወጣ አንድ ዳገት ላይ ተማሪዎች ይዤ ስሄድ ከታች ያየናትን ሁሉ ሂውግሊኒ፣ ከላይ ያየናትን ሁሉ ሴሚሩፋ እያልኩ ሦስት ዓመት ጻፍኩ። ስመዘግብ የነበረው ከፍታውን እንጂ ወፏን አልነበረም።

አንድ ማለዳ ዳገቱ ወገብ ላይ ሂውግሊኒ ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ የጅራቷ መሃል ጥቁር ነው እንዴ?» አለችኝ። ወፏ ከአጋም ሥር ብቅ ብላ ጅራቷን ዘረጋች። ጎንና ጎኑ ብርቱካናማ፣ የመሃሎቹ ላባዎች ጥቁር። ሂውግሊኒ ብትሆን ኖሮ የወይራ ቀለም ያለው ቡናማ በሆኑ ነበር። ለዚያች ልጅ እስከ ዛሬ ባለውለታ ነኝ።

ድምፅ ይረዳል። ሂውግሊኒ ዝግ ብላ ትጀምርና አንዱን ዜማ እየደጋገመች ከፍ፣ ከፍ ታደርገዋለች፤ ጥንዶቹም ይቀባበላሉ። ነገር ግን ሁለቱም የሌላ ወፍ ድምፅ ይቀዳሉ፤ በስልክ የቀረጻችሁትን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። በማስታወሻችሁ ላይ መጀመሪያ የጅራቱን መሃል ጻፉ፣ ስሙን በኋላ። ጅራቱን ካላያችሁ «ኮሲፋ» ብላችሁ ተዉት።

ደብተሬ አሁንም አጠገቤ ነው። የሦስቱ ዓመታት ስሞች ተሰርዘው ጎን ጎናቸው የጥያቄ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ምልክት የሌላት የዚያች ማለዳዋ ብቻ ናት።