ፓርኪንሰን የፈረንጅ በሽታ ነው?

እህቴ፣ የአባትሽ እጅ መንቀጥቀጥ አሳስቦሽ «ፓርኪንሰን የፈረንጅ አይደል? ጎጃምም አለ እንዴ?» ብለሻል። አለ እንጂ! ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ነው፤ አገር አይመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ 100 ሰዎች አንዱን ገደማ ይይዛል። እኛ ጋ ጥቂት የሚመስለው ሕዝቡ ወጣት ስለሆነ ነው። ደግሞም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ግን መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም። ደብረ ማርቆስ ያሉት አያቴ ሲኒ ሲያነሱ ቡናው እጃቸው ላይ ይፈሳል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት ጸጥ ይላል። የሳቸው ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው፤ እንዲያውም ከፓርኪንሰን ይልቅ በጣም ብዙ ሰው ላይ ይታያል። በፓርኪንሰን ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጠው ያረፈ እጅ ነው፤ እርምጃም ያጥራል፣ እንቅስቃሴም ይንቀረፈፋል። አባትሽን ቡና ሲጠጡ እስኪ ልብ በያቸው። ያየሽውን ለነርቭ ሐኪም ንገሪ።