ሱዳንን አቋርጦ የመጣ የአውሮፓ ዜጋ ኢስታ መሙላት ይችላል?

ጥያቄ፦ የስዊድን ዜጋ ነኝ። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ልትመረቅ ስለሆነ ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ለሁለት ሳምንት ልንሄድ አስበናል። ቪዛ ስለማያስፈልገን ኢስታ እንሞላለን ብለን ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች አሳሰቡኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሳለሁ አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቪዛ ጠይቄ በአንቀጽ 214 (ቢ) ተከልክያለሁ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2013 ካርቱም ለወራት ቆይቼ በሊቢያ በኩል ነው አውሮፓ የገባሁት። ባለቤቴ ግን እኔ ጠርቻት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣች ሲሆን እሷም ዛሬ የስዊድን ዜጋ ናት። ፎርሙን የሚሞላልን ጉዳይ አስፈጻሚ «ፓስፖርትህ አዲስ ስለሆነ ሁሉንም ‹የለም› ብለህ እለፈው» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፎርሙ ገና ካልተላከ እንዳይላክ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። የተሰጠዎት ምክር አንድ የምርቃት በዓል ከማስቀረት እጅግ የሚበልጥ ጉዳት ሊያስከትልብዎት የሚችል ነው።

ኢስታ የስዊድንን ጨምሮ የተወሰኑ አገሮች ዜጎች ያለ ቪዛ እስከ 90 ቀን ድረስ ለጉብኝት ወይም ለሥራ ጉዳይ ወደ አሜሪካ ለመጓዝ አስቀድመው የሚጠይቁት የጉዞ ፈቃድ ነው። በዚህ መርሐ ግብር መጠቀም የሚችለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ተሻሽሎ ጠበቅ ያለ ሲሆን፣ በዚህም መሠረት ከማርች 1 ቀን 2011 ወዲህ በኢራን፣ በኢራቅ፣ በሶርያ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በሶማሊያ፣ በየመን ወይም በሰሜን ኮርያ የተገኘ ሰው፣ ለአገሩ መንግሥት በውትድርና ወይም በመንግሥት ሥራ ተልኮ ካልሆነ በስተቀር፣ በኢስታ መጓዝ አይችልም። ሕጉ የሚጠይቀው ሰውዬው እዚያ አገር ተገኝቶ እንደሆነ ነው እንጂ በምን ፓስፖርት እንደገባ፣ ወይም ፓስፖርት ይኑረው አይኑረው አይደለም። በስደት መንገድ ላይ ያለፉ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ፎርሙን ይሞላሉ። የእርስዎ ጉዳይ በሱዳንም በሊቢያም ምክንያት በዚህ ክልከላ ሥር ይወድቃል። የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ክልከላውን ለማንሳት ሥልጣን ቢኖረውም፣ ይህ ለአሜሪካ የሕግ ማስከበር ወይም የብሔራዊ ደኅንነት ጥቅም ሲባል ብቻ የሚደረግ ስለሆነ ለቤተሰብ ጉብኝት ተስፋ የሚጣልበት መንገድ አይደለም።

የቀድሞው የቪዛ ክልከላ ከዚህ የተለየ ነው። አንቀጽ 214 (ቢ) ቆንስሉ በዚያን ጊዜ በነበረዎት ሁኔታ ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላመነም ማለት ነው እንጂ ዋሽተዋል ማለት አይደለም፤ ወደፊትም በራሱ አይከለክልዎትም። ይሁን እንጂ የኢስታ ፎርም በአሁኑም ሆነ በቀድሞው ፓስፖርት ቪዛ ተከልክለው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቃል። ስለዚህ «ፓስፖርትህ አዲስ ነው» የሚለው ምክንያት ጥያቄውን ካለማንበብ የመጣ ነው። በዚያ ላይ ለቪዛ ሲያመለክቱ የሰጡት የጣት አሻራ ፓስፖርት ስለተለወጠ አይለወጥም።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 212 መሠረት፣ ቪዛ ወይም የመግቢያ ፈቃድ ለማግኘት ሲል በውሳኔው ላይ ለውጥ የሚያመጣ ጉዳይን ሆን ብሎ አዛብቶ ያቀረበ ሰው፣ በልዩ ፈቃድ ካልታለፈ በቀር፣ ለዕድሜ ልኩ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለከላል። እውነቱን መናገር ከኢስታ ብቻ ያስቀርዎታል፤ ቪዛ የመጠየቅ መብትዎን አይነካም። መደበቅ ግን ቪዛውንም ጭምር ሊዘጋብዎት ይችላል። ፎርሙን ሌላ ሰው ቢሞላልዎትም ለመልሱ ኃላፊው እርስዎ ነዎት።

«ታዲያ እውነቱን ጽፌ ኢስታውን ብሞክርስ?» ይሉ ይሆናል። ይህንንም አልመክርዎትም። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሕጉም ፍርድ ቤቶች በኢስታ ውሳኔ ላይ እንዳያዩ ስለሚከለክል የሚከራከሩበት ቦታ የለም። ከዚያም ለቪዛ በሚሞላው የዲኤስ 160 ማመልከቻ ላይ ኢስታ ተከልክለው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ያለ ጥቅም አንድ ተጨማሪ «አዎን» በመዝገብዎ ላይ ማስፈር አያስፈልግም።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚሻለው ስቶክሆልም በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የጎብኚ ቪዛ መጠየቅ ነው። የማመልከቻው ክፍያ 185 ዶላር ነው። ለቃለ መጠይቁ የሥራ ደብዳቤዎን፣ የቤት ኪራይ ወይም የባለቤትነት ሰነድዎን እና የእህትዎን የምርቃት ጥሪ ይያዙ፤ ስለ ቀድሞው ክልከላና ስለ ጉዞ መንገድዎ ሲጠየቁም የሆነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገሩ። ዛሬ ቋሚ ሥራ፣ ቤተሰብና የስዊድን ዜግነት ያለዎት መሆኑ በ214 (ቢ) ከተከለከሉበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ልዩነት ነው። ምርቃት ቀጠሮ ለማስቸኮል እንደ በቂ ምክንያት ስለማይቆጠር ቀጠሮውን አሁኑኑ ይያዙ። ቪዛው የሚሰጠው አንድ ጥቅም አለ፤ በኢስታ የገባ ሰው የቆይታ ጊዜውን ማራዘም አይችልም፣ ከጥገኝነት ጥያቄ በቀርም ከአገር እንዲወጣ የሚሰጠውን ውሳኔ የመቃወም መብቱን አስቀድሞ ይተዋል፤ በቪዛ የገባ ግን እነዚህ ገደቦች የሉበትም።

ባለቤትዎና ልጅዎ በተጠቀሱት አገሮች ካልተገኙና ሌላ ክልከላ ከሌለባቸው በኢስታ መሄድ ይችላሉ። ለሕፃንም ቢሆን ለየብቻ ይሞላል። የቀድሞ ዜግነት ሲጠየቁ ኢትዮጵያዊ ብለው ይጻፉ፤ ይህ አያስከለክልም። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ከ21 ወደ 40 ዶላር ከፍ ስላለ፣ ከዚህ እጅግ የራቀ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት የመንግሥት አለመሆኑን ይወቁ። ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ፓስፖርቱ ቀድሞ ካበቃ ግን አብሮ ያበቃል። የእርስዎ ቪዛ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት ለማናችሁም አይግዙ።