«አፈለሰ» ማለት «ማረከ» ነውን?

ጥያቄ፦ በ2ኛ ነገሥት 17፥6 የአሦር ንጉሥ «እስራኤልንም ወደ አሦር አፈለሰ» ይላል። ፍልሰት ሰው ኑሮ ፍለጋ ወዶ የሚሄደው አይደለም ወይ? «ማረከ» ወይም «ሰደደ» ቢባል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ጥያቄዎ ስንት ጊዜ ያንገበገበኝን ነገር ነክቷል።

የግዕዙ «ፈለሰ» ከነበሩበት ለቆ ወደ ሌላ ስፍራ መሄድ ነው፤ ወዶ ይሁን ተገድዶ ግሡ አይናገርም። ግዴታውን ያመጣው አስደራጊው «አ»፣ ማለት ሌላውን እንዲፈልስ የሚያደርገው መነሻ ፊደል ነው። የቅዱሳን ዐፅም ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር «ፍልሰተ ዐፅም» እንላለን፤ ዐፅም ደግሞ በፈቃዱ አይሄድም። የነሐሴው ጾም ፍልሰታም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ምርኮ፣ ስደትና ፍልሰት አንድ ናቸው፣ ተርጓሚዎቹ ለማማረጥ ብቻ ቀያየሯቸው የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። «ማረከ» ጥንቱ «ማህረከ» ነው፤ «ምህርካ» ከጠላት የተገኘ ብዝበዛ ነው። ከብትም ጋሻም ይማረካል፤ ጋሻ ፈለሰ ሲባል ግን ሰምተው ያውቃሉ? «ሰደደ» ደግሞ ከደጅ ያስወጣል እንጂ ወጪው የት እንደሚያርፍ አይገደውም። ግዕዝ «ፄዋ» የሚል ሌላ የምርኮ ቃልም አለው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ጭፍሮች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ዛሬ ለታረመ ሰው የምንለው «ጨዋ» ከዚያ የወረደ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ከ«አፈለሰ» ቀጥሎ በአላሔ፣ በአቦር፣ በጎዛን ወንዝና በሜዶን ከተሞች «አኖራቸው» ይላል። ቁጥር 24 ላይ ንጉሡ ከባቢሎን፣ ከኩታና ከሐማት ሌላ ሕዝብ አምጥቶ በሰማርያ ከተሞች ያሰፍራል። ነቅሎ መትከል፣ በተነቀለውም ቦታ ሌላ መትከል ነው። ሰማርያ የወደቀችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ነው፤ የአሦሩ ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን ባስቀረጸው ጽሑፍ ከ27,000 በላይ ሰው ማውጣቱን ይናገራል። ይህን ሁሉ «ማረከ» ብቻውን አይሸከመውም።

በማቴዎስ 1፥17 ግዕዙ «ፍልሰተ ባቢሎን» ያለውን አማርኛው «የባቢሎን ምርኮ» ማለቱን ፈጽሞ አልወደድኩትም። ሆኖም ሐረጉ በምእመኑ አፍ ሥር ሰድዷል፤ አሁን ይውጣ ብል የሚሰማኝ የለም። ዜናውና ሪፖርቱም «ፍልሰት»ን ለሥራ ፍለጋ ጉዞ ወስዶታል፤ ቅር እያለኝም ቢሆን የዛሬው ሰው ሲሰማው የሚረዳው ያንን መሆኑን እቀበላለሁ። እርስዎ ግን ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሲያነቡ «ነቅሎ ወሰደ ማለት ነው» ብለው ያስረዱ እንጂ ግሡን አይለውጡት።