የማርሽ ዘንጉ የት ይቁም?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? አምድዎን ዘወትር የምከታተል የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሑዴን የወሰደብኝ አንድ የ1931 ፎርድ ሞዴል ኤ ኩፔ አለኝ። ሻንሲውን አጠናክሬ የሼቭሮሌ 350 ሞተር ከነአውቶማቲክ ካምቢዮው ተክዬበታለሁ። አሁን የቀረኝ የማርሽ መቀየሪያው ነው። ከአንድ የድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) መኪና የወረደ፣ በካቦ የሚሠራ፣ ትልቅ የአሉሚኒየም ሳጥን ያለው መቀየሪያ በርካሽ ገዝቻለሁ፤ ሲያዩት በጣም ያምራል። ጓደኞቼ ግን ግማሾቹ ከካምቢዮው ላይ በቀጥታ የሚቆመውን ረጅም ዘንግ፣ ግማሾቹ መሪው ሥር የሚሆነውን ይመክሩኛል። የጋቢናው ወለል ዛሬም የጥንቱ እንጨት ነው። ባለቤቴም አብራኝ ስትሄድ ለጉልበቷ ቦታ እንዲኖራት ትፈልጋለች። ምን ይሻለኛል? በነገራችን ላይ ካምቢዮውን የሸጠልኝ ሰው «350 ነው» ቢለኝም አንድ ጓደኛዬ አይቶት «700 አር 4 ሳይሆን አይቀርም» ብሎኛል። — ሀ. መ.

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትልቁን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ጣል አድርገኸዋል፤ እኔ ግን ከእሱ እጀምራለሁ። ካምቢዮው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ መቀየሪያው መነጋገር አይቻልም። ዛሬ ማታ መብራት ይዘህ ከመኪናው ሥር ግባና የካምቢዮውን የዘይት ሳህን ተመልከት። ሳህኑ አራት ማዕዘን ሆኖ አንዱ ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ ከሆነና 13 ብሎኖች ከቆጠርህ 350 የሚባለው ካምቢዮ ነው፤ ስሙ ከሞተርህ ቁጥር ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። ማዕዘኖቹ ሙሉ ሆነው ብሎኖቹ 16 ከሆኑ 700 አር 4 ነው። ከሻጩም ከጓደኛህም ይልቅ ሳህኑን እመን።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። 350 የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1969 ሞዴል ጀምሮ የመጣ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ሲሆን ስድስት ማረፊያዎች አሉት፦ ፓርክ፣ ኋላ ማርሽ፣ ዜሮ፣ ዲ (የወደፊት መንጃው)፣ ሁለት፣ አንድ። በ1982 የመጣው 700 አር 4 ደግሞ ወደፊት አራት ማርሽ ስላለው ማረፊያዎቹ ሰባት ናቸው። ለስድስት ማረፊያ የተሠራ መቀየሪያ ሰባት ባለው ካምቢዮ ላይ ሲታሰር አንዱ ማረፊያ የግድ ይቀርብሃል፤ የቀሩትም በየቦታቸው ላይገጥሙ ይችላሉ። ካምቢዮህ 700 አር 4 ሆኖ ከተገኘ ሌላም ነገር አለ። ከካርቡራተሩ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው ቀጭን ካቦ በትክክል ካልተስተካከለ ካምቢዮው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ይህ ከማርሽ ዘንጉ ጋር ባይገናኝም ስንት ጥሩ ካምቢዮ በዚህ ምክንያት ተቃጥሎ ስላየሁ ሳልናገር አላልፍም።

አሁን እዚያው ከመኪናው ሥር እያለህ አንድ ነገር እንድትሠራ እፈልጋለሁ። ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት መታገዳቸውን፣ ሞተሩም መጥፋቱን አረጋግጥ። ከካምቢዮው በግራ በኩል፣ በሾፌሩ ወገን፣ አንድ አጭር የብረት ክንድ ወጥቶ ታገኛለህ። ያዘውና ቀስ አድርገህ ከዳር እስከ ዳር አንቀሳቅሰው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየማረፊያው ሲቀመጥ እጅህ ላይ ይሰማሃል። በውስጡ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ላሜራ አለ፤ ጫፉ ላይ ተሽከርካሪ ያለው ስፕሪንግ በጥርሶቹ መካከል ይወድቃል። ያ ላሜራ ሲንቀሳቀስ ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለውን ቫልቭ ይዞ ይሄዳል። ቫልቩ በሁለት ማረፊያ መካከል ከቆመ የዘይቱ ግፊት ይጎድላል፤ በውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች አጥብቀው መያዝ ሲገባቸው እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የገዛኸው መቀየሪያም በሳጥኑ ውስጥ የራሱ ማረፊያዎች አሉት። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ማረፊያ አለህ ማለት ነው፤ ጋቢና ውስጥ ያለውና ካምቢዮ ውስጥ ያለው። ሁለቱ ካልተስማሙ ዳኛው ካምቢዮው ነው። የመቀየሪያ ምርጫም ሆነ አተካከል በሙሉ ለዚያ ቀጭታ የሚገዛ መሆን አለበት። ዓይን ከእጅ ቀድሞ እንዲመርጥ አትፍቀድለት።

ስለዚህ የውድድሩን ሳጥን ሽጠው። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም አንድ የማከብረው ነገር አለው። የአሜሪካው የድራግ ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ እንዲህ ያሉ መኪኖች በስህተት ወደ ኋላ ማርሽ እንዳይገቡ በስፕሪንግ የሚሠራ መከልከያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ይህ መከልከያ በአንተም ዘንግ ላይ መኖር አለበት። ሳጥኑ ግን የተሠራው አንድ ሾፌር ብቻ ለሚቀመጥበት፣ ወለሉ ብረት ለሆነ ሰፊ መኪና ነው። የሞዴል ኤ ጋቢና ጠባብ ነው። ሳጥኑን መካከል ላይ ስታስቀምጠው የአንተ ቀኝ እግርና የባለቤትህ ግራ ጉልበት ቦታ ያጣሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ ወለልህ እንጨት ነው። በካቦ የሚሠራ መቀየሪያ ዘንጉን በገፋህ ቁጥር ወለሉን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ የዘጠና ዓመት እንጨት ያንን አይሸከምም። ከሥሩ ከሻንሲው ጋር የተበየደ የብረት መሻገሪያ ካልሠራህለት በወራት ውስጥ ብሎኖቹ ቀዳዳቸውን አስፍተው መቀየሪያው መወዛወዝ ይጀምራል።

እኔ ላንተ መኪና የምመርጠው ከካምቢዮው ላይ በቀጥታ የሚቆመውን ነው። ሎካርና ጀኒ የሚባሉት ድርጅቶች ይህን ዓይነት መቀየሪያ ይሠራሉ። ወለሉን ሳይነካ በራሱ በካምቢዮው ብሎኖች ስለሚታሰር እንጨትህ ምንም አይሸከምም። ከዘንጉ እስከ ክንዱ ያለው ርቀትም አጭር ስለሆነ ቀጭታው እጅህ ላይ ጥርት ብሎ ይመጣል። መሪው ሥር የሚሆነውም ጥሩ ነው፤ የባለቤትህን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ነፃ ያወጣል። ነገር ግን መሪውን በሙሉ መቀየር ይጠይቅሃል፤ ከመሪው እስከ ካምቢዮው የሚደርሱት ዘንጎችም በጭስ ማውጫው መካከል መሽሎክለክ አለባቸው። ገንዘቡም ጊዜውም ካለህ አልከለክልህም።

ከማዘዝህ በፊት ለካ። 350 ካምቢዮ ከኋላ ያለው ጅራቱ በሦስት ርዝመት፣ ማለትም በ6፣ በ9 እና በ12 ኢንች ይገኛል። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለሻጩ መንገር አለብህ። ለዘንጉ ርዝመት ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ገዝቼ፣ መቀየሪያው በሚቆምበት ቦታ ላይ ለጊዜው አስሬ፣ ወንበሩን ወደ ትክክለኛ ቦታው አስገብቼ እቀመጥበታለሁ። ባለቤትህንም አጠገብህ አስቀምጣት። ዘንጉን ወደ ፊት፣ ወደ ፓርክ ውሰደው፤ ዳሽቦርዱን ይነካል? በሞዴል ኤ የነዳጅ ሰልባትዮው ከዳሽቦርዱ ጋር አንድ ሆኖ ከፊትህ እንደተቀመጠ አትርሳ፤ የብረት ዘንግ እዚያ እየተጋጨ መኖር የለበትም። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ አንደኛ ማርሽ ሳበው፤ ወንበሩን ይነካል? የባለቤትህን ጉልበትስ? የብረት ዘንጉን በእጅህ እያጠፍህ፣ መዳፍህ ትከሻህን ሳትነቅል የሚደርስበትን ቅርፅ ፈልግ። ያ ቅርፅ ሲገኝ ርዝመቱንና እጥፋቱን ለክተህ በእሱ ልክ ታዝዛለህ። ቀጥ ያለም ታጥፎ የተሠራም ይሸጣል።

ቀዳዳውን ስትቆርጥ አትሰስት። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ነዳጅ ስትሰጥ ይጠማዘዛሉ፤ ዘንጉም አብሮ ይሄዳል። በሁሉም ማረፊያ በዙሪያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተውለት፤ ክፍተቱን በቆዳ ከረጢት ትሸፍነዋለህ። እንጨቱን ደግሞ ዘንጉ በሚያልፍበት መስመር ላይ ለሁለት ክፈለው። አንድ ወጥ ሳንቃ ከሆነ ወለሉን ለማንሳት በፈለግህ ቁጥር ዘንጉን ለመፍታት ትገደዳለህ።

የምትጽፍልኝ አንተ ብትሆንም በካቦ የሚሠራውን የሚመርጡ ሌሎች አንባቢዎች ስላሉ የደረሰብኝን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተቀጥሬ በምሠራበት ጋራዥ ለአንድ የ1940 ፎርድ የካቦ መቀየሪያ ተከልሁ። ካቦውን ከጭስ ማውጫው ሦስት ጣት ያህል ብቻ አርቄ አሳለፍሁት። ሥራው አምሮ ወጣ፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ መኪናውን ከቤቱ ወደ ኋላ አውጥቶ ዘንጉን ፓርክ ላይ አደረገና ሞተሩ እየሠራ በሩን ሊዘጋ ወረደ። ዘንጉ ፓርክ ላይ ነበር፤ ካምቢዮው ግን ገና ኋላ ማርሽ ላይ ነው። መኪናው ብቻውን ወደ ኋላ ሄደ። የተከፈተው የሾፌር በር ከግንቡ ምሰሶ ጋር ተያይዞ ወደ ፊት ተገነጠለ። የአምስት ዓመት ልጁ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር፤ አባቱ ደርሶ አነሳው። በማግስቱ ካቦውን ፈትቼ ስከፍተው የውስጡ ፕላስቲክ በጭስ ማውጫው ሙቀት እንደ ሻማ ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። ዘንጉ ሲገፋ ካቦው ይታጠፋል እንጂ ክንዱን አይገፋም። የበሩን ወጪ ከኪሴ ከፈልሁ። ያንን ልጅ ግን ዛሬም ካቦ ባነሳሁ ቁጥር አስበዋለሁ።

ስለዚህ ካቦ ከጭስ ማውጫ በተቻለ መጠን ይራቅ፤ መራቅ ካልቻለ የብረት መከለያ ይሠራለት። ከሀያ ሴንቲ ሜትር ራዲየስ የጠበበ እጥፋት አልሰጠውም። ማስተካከያው ደግሞ ሁልጊዜ ከፓርክ ይጀምራል። ክንዱን በእጅህ ካምቢዮው ላይ ፓርክ አድርገው፤ ዘንጉንም ጋቢና ውስጥ ፓርክ አድርገው። ከዚያ የካቦውን ጫፍ እያዞርህ ማሰሪያው ፒን በሁለት ጣት ብቻ፣ ያለ መግፋትና ያለ መጎተት ወደ ቀዳዳው እስኪገባ ድረስ አስተካክል። በመዶሻ የሚገባ ፒን ውሸት ነው። ይህ የፒን ፈተና ከካምቢዮው ላይ በቀጥታ ለሚቆመውም ዘንግ ያው ነው። ከዚያ አንድ ሰው ጋቢና ውስጥ ሆኖ እያንዳንዱን ማረፊያ ሲያስገባ አንተ ከሥር ክንዱን ነካ እያደረግህ አድምጥ። በየትኛውም ማረፊያ ላይ ክንዱ ትንሽ ገፋ ስታደርገው ቀጭ ብሎ ከገባ፣ ዘንጉ ሳያደርሰው ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ፓርክ ላይ ደግሞ መኪናውን ሜዳ ላይ ሆነህ ግፋው። ፓርክ ማለት ካምቢዮው ውስጥ አንድ የብረት ጥርስ ከመውጫው ዘንግ ጋር በሚዞር ቀለበት ውስጥ ገብቶ መቆለፉ ነው፤ ግማሽ የገባ ጥርስ ዛሬ ይይዝልህና ነገ ቁልቁለት ላይ ይለቅቅሃል።

የመጨረሻው የኤሌክትሪኩ ነው። ሞተሩ ከፓርክና ከዜሮ በቀር በየትኛውም ማርሽ እንዳይነሳ የሚያግደውን ማብሪያ ሳታስገባ መኪናውን ከጋራዥ አታውጣ። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ ቁጥር 102 ለአዳዲስ መኪኖች ይህን ያዛል፤ አንተ በእጅህ የሠራኸው መኪናም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። በጄኔራል ሞተርስ አሠራር ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሐምራዊ ሽቦ ነው፤ ማብሪያው በዚያ ሽቦ መካከል ይገባል። ስትጨርስ የእጅ ፍሬን ስበህ፣ የእግር ፍሬን ረግጠህ፣ ጎማዎቹን አግደህ፣ በሁሉም ማረፊያ ቁልፉን ሞክር። ሞተሪኖው በሁለቱ ብቻ መልስ መስጠት አለበት።

ጥያቄ፦ አባቴ ትቶልን ያለፈ የ1955 ሼቭሮሌ አለን። ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ የጥንቱን ካምቢዮ አውጥቶ 700 አር 4 አስገባለት። የማርሽ መቀየሪያው የጥንቱ፣ መሪው ሥር ያለው ነው። መርፌው ኤን (ዜሮ) ላይ ሲሆን መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል። የካምቢዮው ብልሽት ነው ወይስ የመሪው? — ወ/ሮ ት.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወይዘሮ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ካምቢዮው አልተበላሸም፤ የሚዋሸው መርፌው የሚያመለክተው ጽሑፍ ነው። በ1955 የሼቭሮሌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ቅደም ተከተል ፓርክ፣ ዜሮ፣ ዲ፣ ዝቅተኛ፣ መጨረሻ ላይ ኋላ ማርሽ ነበር። በአዲሱ ካምቢዮ ግን ከፓርክ ቀጥሎ የሚመጣው ኋላ ማርሽ ነው። ስለዚህ መርፌው በሁለተኛው ቦታ ቆሞ ዜሮ ሲልዎ ካምቢዮው በራሱ ሁለተኛ ቦታ፣ ኋላ ማርሽ ላይ ነው። መሪው ውስጥ በስህተት ኋላ ማርሽ እንዳይገባ የሚያግደው ብረትም የተቆረጠው በአሮጌው ቅደም ተከተል ነው። ጽሑፉም መከልከያውም ለሰባት ማረፊያ በተሠሩ መቀየር አለባቸው። የመሪው ክንድ ጉዞ ለሰባቱ ካልበቃ ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ በአጭር ይተካ፤ ያን ጊዜ ትንሽ ግፊት ክንዱን ብዙ ያዞረዋል።

ይህ እስኪሠራ ድረስ መኪናውን ማንም እንዳይነዳው ቁልፉን ያስቀምጡት። ጽሑፉንም ዛሬውኑ በወረቀት ማጣበቂያ ይሸፍኑት።