የታኅሣሥ መጥሪያ

በቀደም አንድ የሕግ ተማሪ ቤቴ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለጠበቃ ዋናው አንደበት ነው አይደል?» አለኝ። «አዎ» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእኩዮቹ ለእናንተ ነው።

እኔም በልጅነቴ እንደዚያ አምን ነበር። ያደግኩት ጎጃም፣ ከብቸና ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አባቴ ሙግት መስማት ስለሚወድ ዋርካው ሥር ይዞኝ ይቀመጣል። ተሟጋቹ ዘንጉን እየወዘወዘ «በላ ልበልሃ!» ሲል ሰውነቴን ይወረኛል። ከብት ስጠብቅ ብቻዬን እሟገት ነበር።

1959 ዓ.ም. ላይ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። የቄሱ ዓይን ስለደከመ የመንደሩን ደብዳቤ የማነበው እኔ ነኝ። ታኅሣሥ እንደገባ፣ እኛ ልጆቹ እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን መጡ። ባላቸው ሞቷል። ከመቀነታቸው ጫፍ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ጢስ ጢስ ይሸታል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። የባላቸው ወንድም በርስት ከሷቸዋል። ልጆቹ ሜዳው ላይ ሩር እየመቱ ይጠሩኛል። ቀኑ በግዕዝ ቁጥር ታኅሣሥ ፲፮ ይላል። እኔ ፲፯ ብዬ አነበብኩላቸው። ደግሜ አላየሁትም። የገና ዱላዬን ይዤ ሮጥኩ።

እማማ በሶ ቋጥረው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ሄዱ። ሲመለሱ ለእናቴ፣ «ቀኑ ትናንት ነበር፣ በሌለሽበት ታየ አሉኝ» ሲሉ ሰማሁ። የእኔን ስም አላነሡም። ከዚያ ጠሩኝና እርሳስ ሰጡኝ። ከከተማ የገዙት ነው፤ ጫፉ እንኳን አልተቀረጸም። «በርታ ልጄ» አሉኝ።

ወረቀቱን ለምኜ ዳግም አየሁት። ፮ ነው። አባቴን ፈርቼ ዝም አልኩ። ማሳቸው ተወሰደ።

ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ መልስ ስድስት ኪሎ ሕግ ስማር፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 ላይ ደረስኩ። በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ያልቀረበው በበቂ ምክንያት ከሆነ፣ ፍርዱን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። አንድ ወር ሙሉ! ዳኛው ሊቀበልም ላይቀበልም ይችል ነበር። ግን እኔ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ብል ኖሮ፣ እማማ ይዘውት የሚቀርቡት ነገር ነበራቸው። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ያኔ እማማ አርፈዋል። የየካቲት 1967ቱ አዋጅም የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ የርስቱን ሙግት ዘግቶታል።

ጠበቃ ሆኜ የደንበኛን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ሳላነብ አንድ ቃል አልጽፍም ነበር። በኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቼ የምክር ቤት አባል ሆንኩ። እዚያም ልማዴን ጠበቅኩ ብል ግን እዋሻችኋለሁ። ማታ ሳልጨርሰው በተኛሁት ረቂቅ ላይ ጠዋት እጄን ያወጣሁበት ቀን አለ። ንግግሬ ይወደድ ነበር። ያ ረቂቅ የማን መጥሪያ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለ ትጋትና ስለ ሰዓት ማክበር አልነግራችሁም፤ ሰምታችሁ ጠግባችኋል። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። ነጋሪት ጋዜጣው ስልካችሁ ላይ እያለ፣ አንቀጹን ትታችሁ ስለ አንቀጹ የተወራውን ቲክቶክ ላይ ታያላችሁ። እኛ አንድ አዋጅ ፍለጋ ስንት ቢሮ እንዞር ነበር!

ሁላችሁንም መውቀሴ ግን ልክ አይደለም። ባለፈው ወር አንዲት ጀማሪ ጠበቃ ችሎት በር ላይ አየሁ። ከአንድ ገበሬ አጠገብ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ውሳኔውን በኦሮምኛ ታስረዳዋለች። ሰውየው «እዚህች ጋ ድገሚልኝ» ሲላት ትደግምለታለች። እኔ ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣም እዚያው ነበሩ።

አንተ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ተመለስ። ያን «አዎ» ላነሣው እፈልጋለሁ። ከመጣህ ገና ወር አልሞላም።