ከራጅ በኋላ ወተት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የራጅና የሲቲ ስካን ነገር በዝቶባቸዋል። ጥቂቱን እነሆ።

ራጅ ከተነሳሁ በኋላ ወተት ብጠጣ መርዙን ያወጣልኛል? (ከመሐል ሜዳ)

ወተቱን ይጠጡት፤ የመንዝ ወተት ማን ይጠላል! የሚወጣ መርዝ ግን የለም። የራጅ ጨረር እንደ ጭስ ልብስ ላይ አይቀርም። ማሽኑ ሲጠፋ አበቃ። ጉዳት ካለ የሚደርሰው በዚያችው ቅጽበት ነው። ጨረሩ ሕዋስ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነሱም የዘር መረጃችንን የያዘውን ዲ ኤን ኤ ይበጥሳሉ። ሕዋሱ አብዛኛውን በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይጠግነዋል። የሚያሰጋው ተሳስቶ የተጠገነው ነው፤ ከዓመታት በኋላ ካንሰር የመምጣቱን ዕድል በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል።

ቀድሜ ቫይታሚን ሲ ብወስድስ? (ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፍሪ ራዲካልን ያመክን እንደሆነ ተመራማሪዎችም ሞክረውታል። ከምርመራ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ለወሰዱ ሰዎች በደም ሕዋሳቸው ላይ የታየው የዲ ኤን ኤ ስብራት የቀነሰበት ጥናት አለ። ካንሰር ይቀንሳል የሚል ማስረጃ ግን ገና የለም። ስለዚህ ገንዘብህን አታባክን። የአዮዲን ክኒን ደግሞ ሌላ ነው፤ አንገት ላይ ያለውን የእንቅርት (ታይሮይድ) እጢ የሚጠብቀው ጨረር ከሚያመነጭ (ራዲዮአክቲቭ) አዮዲን ብቻ ነው። ለራጅ አይሆንም።

ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አላለበሱኝም። ቸል ብለውኝ ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

ላይሆን ይችላል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. የመራቢያ አካልንና ፅንስን በሽርጥ የመሸፈኑ ልማድ መቅረት አለበት ብሏል። ሽርጡ መታየት ያለበትን ቦታ ከሸፈነ ምስሉ ይበላሽና ይደገማል። ጨረሩን ራሱ የሚመጥን ማሽንም ሽርጡ ሲጋርደው ጨረር ይጨምራል። ልጅ ይዞ አብሮ የሚቆም ሰው ግን ይልበስ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የደረት ራጅ ታዘዘልኝ። (ከአረርቲ)

እርግዝናሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ከደረት ራጅ ለፅንሱ የሚደርሰው እጅግ ኢምንት ነው። ሐኪሙ ሳንባሽን ማየት ካለበት አትሽሺ። ለሆድ ከሆነ አልትራሳውንድ ይበቃ እንደሆነ ጠይቂ፤ እሱ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም።

ደብረ ብርሃን ሲቲ ስካን ተነስቼ ነበር፤ አዲስ አበባ ድገም አሉኝ። (ከእነዋሪ)

እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄኛው ነው። የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ነው። የሆድ ሲቲ ግን 8 አካባቢ ይደርሳል። ከተፈጥሮ በዓመት የሚደርሰን በዓለም አማካይ 2.4 ነው (ደገኛው ከቆለኛው ትንሽ ይበልጥ ከጠፈር ይቀበላል)። ስለዚህ ሲቲ መድገም ራጅ እንደመድገም አይደለም፤ ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። በሽታው ከተለወጠ ወይም ምስሉ ካልጠራ መድገሙ ተገቢ ነው። አለዚያ «የበፊቱ አይበቃም ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ድፍረት አይደለም። ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይያዙ። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ምስሉን ነው።