ከወሎ የመጡ የኪቦርድ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከወሎ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ፦ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ዌብ አፕሊኬሽን። ደስ ብሎኛል። ማየት ለተሳነው፣ እጁ ለሚንቀጠቀጥ፣ ማውስ መያዝ ለማይችል ሰው ከኪቦርድ ሌላ አማራጭ ላይኖረው ይችላል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

"ለመጋዘን መመዝገቢያ አፕ እየሠራሁ ነው። 'መዝግብ' የሚለው በተን በዲቭ (በተራ የኤችቲኤምኤል ሳጥን) የተሠራ ነው። በታብ አልደረስ ሲል ታብኢንዴክስ ዜሮ ሰጠሁት። አሁን ይደርሳል፤ ኢንተር ስጫን ግን ዝም ነው። ምን ቀረኝ?" (ከኮምቦልቻ)

አብሽር፣ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ዲቩን አውጣና እውነተኛ በተን አስገባ። ታብኢንዴክስ ዜሮ ፎከሱን፣ ማለትም ኪቦርዱ አሁን የሚያዝበትን ቦታ፣ እዚያ ያደርሰዋል እንጂ ሌላ ምንም አያደርግም። በዲቭ ልቀጥል ካልክ ኢንተርን ራስህ ትይዛለህ፣ ስፔስን ትይዛለህ፣ ስፔስ ገጹን ወደ ታች እንዳያንሸራትት ትከለክላለህ፣ ለስክሪን ሪደሩም (ገጹን በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም) "ይሄ በተን ነው" ብለህ ሮሉን ትጽፋለህ። ብሮውዘሩ ይህን ሁሉ በነፃ ይሰጥሃል። መልኩን ካልወደድከው በሲኤስኤስ (የገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ) እንደፈለግክ አስጊጠው። ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ግን ሊንክ አድርገው፤ ሊንክ የሚሰማው ኢንተርን ብቻ ነው።

እግረ መንገዴን፦ ታብኢንዴክስ ላይ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ቁጥር መስጠት ይቅር። ቅደም ተከተሉ ራሱ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ይስተካከል።

"ደንበኛዬ በተኖቹ ዙሪያ የሚመጣውን ሰማያዊ መስመር አጥፊልኝ አለኝ፤ አጠፋሁት። አሁን የቢሮው ሠራተኛ 'ታብ ስነካ የት እንዳለሁ ይጠፋብኛል' አለች። ማንን ልስማ?" (ዲዛይነር፣ ከደሴ)

እሷን። ያ መስመር ለእሷ የማውሱ ቀስት ማለት ነው። ግን ደንበኛሽንም ማስደሰት ትችያለሽ። ፎከስ-ቪዚብል የሚባለውን የሲኤስኤስ መምረጫ ተጠቀሚ፤ በተኑን በማውስ ለሚነካ ሰው መስመሩ አይወጣም፣ በታብ ለሚሄድ ይወጣል። ቀለሙን ከድርጅቱ አርማ ውሰጂ፣ ከጀርባው ጋር ያለው ንፅፅር ግን ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን። ፎከስ መታየት አለበት የሚለው ነጥብ በፈረንጆቹ 2008 በወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ 2.0 ውስጥ አለ። የ2023ቱ 2.2 እትም ደግሞ ፎከስ ያረፈበት ነገር ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ እንዳይቀር ይጠይቃል። ከላይ ተለጥፎ የሚቀር ሜኑ ካለሽ ይህንንም እይው።

"የወረዳ መምረጫ ሠርቻለሁ። የስሙን መጀመሪያ ሲጽፉበት ወደ ወረዳው ይዘላል። በእንግሊዝኛ ሸጋ ነው። በአማርኛ ግን ተሁለደሬን ስፈልግ ገና ከመጀመሬ 'አልተገኘም' ይለኛል።" (ከሐይቅ)

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ቢጠይቀው እወዳለሁ። ጣቶችህን ቀስ ብለህ ተከተላቸው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው በላቲን ፊደል ድምፅ ነው። ‹ቲ›ን (T) ስትጫን መጀመሪያ የሚወጣው ‹ት› ነው፤ ‹ኢ›ን (E) ስትጨምር ‹ተ› ይሆናል። ኮድህ አልጠበቀም። ‹ት› እንደገባች በ‹ት› የሚጀምር ወረዳ ፈለገ፣ አጣ፣ "አልተገኘም" አለ። የሚያይ ሰው ልብም ሳይለው ያልፋል። በስክሪን ሪደር የሚሠራው ሰው ግን ጮክ ብሎ ይነገረዋል። ወረዳው ዝርዝሩ ውስጥ የለም ብሎ ትቶት ይሄዳል፤ ወረዳው ግን አለ።

ስለዚህ የተነካውን ቁልፍ አትከተል፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ጽሑፍ ተከተል። ኪዳውንን ትተህ ኢንፑት የሚባለውን ኢቨንት ስማ። ከዚያ የመጨረሻዋን ፊደል በቤተሰቧ አወዳድር። ዩኒኮድ ውስጥ ፊደሎቻችን ስምንት ስምንት ሆነው ተደርድረዋል፤ ከ‹ተ› እስከ ‹ቷ› አንድ ረድፍ ነው። የፊደሏን ኮድ ለ8 አካፍለህ ቀሪውን ጣለው፤ ‹ት›ም ‹ተ›ም አንድ ቁጥር ይሰጡሃል። ‹ት› ስትገባ ተሁለደሬም ተንታም ይመጣሉ፣ ‹ተን› ላይ ሲደረስ ተንታ ብቻ ትቀራለች።

ሌላም አለ። ያንተኑ ከተማ አንዱ ሐይቅ፣ አንዱ ሃይቅ፣ ሌላው ኃይቅ ብሎ ይጽፋታል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲፈለጉ እንደ አንድ ይቆጠሩ። ፊደሉ ገና እየተቀናበረ ሳለ ኢንተር ቢነካም ፎርሙ እንዳይላክ ኢዝኮምፖዚንግ የሚባለውን መጠቆሚያ ፈትሽ።

"እኛ ጋ ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚጠቀመው። ኪቦርድ ለምን ያስጨንቀኛል?" (ከባቲ)

ስልክ ላይም የብሉቱዝ ኪቦርድ የሚያገናኝ ሰው አለ፤ በአንድ ማብሪያ (ስዊች) ብቻ ስልኩን የሚያዝም አለ። በኪቦርድ በደንብ የሚሠራ ገጽ ለእነሱም ይቀናል።

"የማስተምረው ዓይነ ስውር ልጅ የመመዝገቢያ ፎርም ሲሞላ ሁሉንም በራሱ ጨርሶ የልደት ቀኑ ላይ ቆመ። ካሌንደሩ በማውስ ካልሆነ አይሠራም። እኔ ሞላሁለት፤ ከፋው። ፎርሙን የሠራውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ምን ልበለው?" (መምህር፣ ከወልድያ)

መምህር፣ ቢከፋው ልክ ነው። የገዛ ልደቱን ሌላ ሰው እንዲሞላለት መገደድ የለበትም። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀጽ 9 የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ተደራሽነትንም ይጨምራል።

የብሮውዘሩ የራሱ ቀን መምረጫ የሚሄደው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለሆነ ልጆቻችን የኛን ካሌንደር ራሳቸው ይሠራሉ። እሰየው። ግን 30 ካሬ ደርድረው ለማውስ ብቻ ይተዉታል። ለልደት ቀን ካሌንደር ጭራሽ አያስፈልግም ይበሉት። ሰው ልደቱን ያውቀዋል። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ሳጥኖች ይበቃሉ፤ ወሩ 13 ምርጫ ያለው ዝርዝር ይሁን።

ለቀጠሮ ከሆነ ካሌንደሩ ይኑር፣ ግን ታብ አንዴ ብቻ ይግባበት። ውስጡ የግራና የቀኝ ቀስት በቀን፣ የላይና የታች ቀስት በሳምንት፣ ፔጅ አፕና ፔጅ ዳውን በወር ያንቀሳቅሱ። ነሐሴ 30 ላይ ፔጅ ዳውን ሲነካ ጳጉሜ 5 ላይ ይረፍ፤ እንደ 2015 ባለ ዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ላይ። እዚህ ላይ የሚሰበሩ ካሌንደሮች አሉና ይህን ለይቶ ይሞክረው። ስክሪን ሪደሩም "12" ብቻ ከሚል "ሰኞ፣ ጥቅምት 12" ቢል ይሻላል። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር በነፃ የሚወርድ ነው፣ አማርኛ የሚያነብ ድምፅም አለው። የሠራውን አብሮት የሚሞክርለት ያ ተማሪ ቢሆን፣ ከፈቀደ፣ እጅግ ጥሩ ነው።

"የእንግዳ ማረፊያችን ገጽ ላይ የክፍሎቹ ፎቶ በፖፕአፕ ይከፈታል። አንድ እንግዳ 'ገብቼ መውጫ አጣሁ' ብላ ጻፈችልን።" (ከላሊበላ)

ፖፕአፑ ሲከፈት ፎከሱ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ከጀርባ ወዳለው ገጽም አይፍሰስ። በኢስኬፕ ይዘጋ፤ "ዝጋ" የሚል በተንም ይኑረው። ሲዘጋ ፎከሱ እንግዳዋ ወደነካችው ፎቶ ይመለስ፤ አለበለዚያ ከገጹ አናት እንደገና ትጀምራለች፣ ሃያ ፎቶ ካላችሁ ደግሞ ይህ ያሰለቻል። ዲያሎግ የሚባለውን የኤችቲኤምኤል ኤለመንት ወስዳችሁ በሾው ሞዳል ብትከፍቱት አብዛኛውን ብሮውዘሩ ራሱ ይሠራላችኋል።